ሁሉ ሰው ደግ የሆነበት ማክሰኞ

«አስከሬኑ ነገ ጠዋት ነው የሚገባው፤ ልጅቷ ግን እስካሁን አልሰማችም» አለች የሳይካል እናት በስልክ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ሁለት ክፍል ባለው ቤት ውስጥ ግን ሹክሹክታ ከጩኸት ይበልጥ ይሰማል። ሳይካል አንዱን ካልሲ አጥልቃ ሁለተኛውን በእጇ እንደያዘች ከመጋረጃው ኋላ ቆመች። ሻዩ ይንተከተካል፣ መስኮቱ በከሰል ጭስ ጠቁሯል፣ ጎረቤት ግቢ አንድ ሰው አልነሳ ካለው መኪና ጋር ይታገላል። እናቷ ስልኩን ዘግታ ዘወር ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ሰምተሻል» አለች እናቷ።

«ማን ነው የሞተው?»

«የካኒሻይ እናት። ሞስኮ፣ ሥራ ቦታዋ፣ ወለል እየወለወለች ሳለ ወደቀች። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ነው አሉ።»

«መቼ?»

«ዓርብ።»

«ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው፣ አፓ» አለቻት እናቷን።

«ቀን መቁጠር አላቃተኝም። ትልቁ አጎቷ ከናሪን፣ ከተራራው አገር፣ እየመጣ ነው፤ ሲመሽ ይደርሳል። መርዶውን የሚነግራት እሱ ነው። የእናቷ ታላቅ ወንድም እያለ ማን ቀድሞ አፉን ይከፍታል?» ሻዩን አወረደችና ጣቷን ቀሰረችባት። «ደግሞ ስሚኝ። ትምህርት ቤት ያለችውን የወሬ ክፍላችሁን አውቃታለሁ። ዛሬ እዚያ ገብተሽ ሐኪም ሐኪም እንዳትጫወቺ። እኔና ቡሩል አንድ ስፌት ቤት፣ ጎን ለጎን ማሽን ላይ ነው የምንውለው። የእኔ ልጅ ነገረቻት ከተባለ ያን ማሽን ጥዬ መሄድ ነው።»

ቡሩል የካኒሻይ አክስት ናት። እናትየው ሞስኮ ከሄደች ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ፣ ልጅቷን ያሳደገቻት እሷ ናት። ሳይካል ሁለተኛውን ካልሲ አጠለቀች። ዳቦውን ቅቤ ሳትቀባ በላች። ጫማዋን ስታስር ማሰሪያው ተበጠሰ፤ ቋጥራው ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ተረከዟ መሬት እየመታ አላርፍ አለ። አጠገቧ የተቀመጠች ባለ ዘንቢል ሴትዮ «ልጄ፣ ሽንት ከያዘሽ ውረጂ» አለቻት። ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ሳቁ። ሳይካል አልሳቀችም፤ እግሯንም አላቆመችም። ከዋና ከተማዋ ከቢሽኬክ ዳርቻ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ የመጋቢት ጭቃ ነው፤ ሚኒባሱ በየጉድጓዱ ሲናጥ እሷ ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ እያለች ትቆጥር ነበር። ሰኞ ካኒሻይ ክፍል ውስጥ ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ፣ ማስመሪያ ተውሳት፣ ሳትመልስላት ሄዳለች። ሳይካልም «ሌባ» ብላታለች።

እናቷ የወሬ ክፍል የምትላት ከመግቢያው በስተግራ ያለችው የድሮ ካፖርት ማስቀመጫ ናት። የብረት መስቀያዎቹ አሁንም በሦስት ረድፍ ግድግዳው ላይ አሉ፤ ከሥራቸው ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የውሃ ማፍያ ተቀምጧል። የትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና ባለሙያ አንዲት ብቻ ናት፤ ተማሪው አንድ ሺህ አራት መቶ። ስለዚህ በመኸር ላይ ከዘጠነኛና ከአሥረኛ ክፍል ሰባት ልጆች መርጣ ሦስት ቀን አሠለጠነች፤ በየዕረፍቱ ተራ ገብተው እዚያ እንዲቀመጡ፣ የከፋው ልጅ መጥቶ እንዲያወራቸው። መስማት ትችላላችሁ፣ አለቻቸው፤ መምከር አትችሉም፤ መዋሸት ግን በፍጹም። ልጅ አንዴ ከዋሻችሁት ተመልሶ አይመጣም። መጀመሪያ ማንም አልመጣም፤ ቀጥሎ የሚመጡት ሙቀቱን ፈልገው ነበር፤ ከጥር ወዲህ ግን በር ላይ ሰልፍ የሚታይበት ቀን አለ። አንድ አባት «ልጄ የቤቴን ገበና ለእኩዮቿ ዘርግፋለች» ብሎ ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ከመጣ በኋላ ደግሞ ቁርጥ ያለ ቃል ተሰጣቸው፤ ሁለተኛ እንዲህ ያለ አቤቱታ ከመጣ ክፍሉ ወደ ካፖርቶቹ ይመለሳል።

ያን ዕለት ጠዋት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ሠላሳ አንዱም የክፍሉ ልጆች ነገሩን ያውቁ ነበር፤ ከአንዷ በቀር። ወሬው በወላጆች ስልክ አድሮ፣ በቁርስ ላይ ተላልፎ፣ ከልጆቹ ጋር አብሮ ትምህርት ቤት ገብቷል። ማንም ምንም አላለም። ሁሉም ግን ደግ ሆኑ። ቦርሳዋን በየቀኑ ከመስኮት የሚያንጠለጥለው ልጅ ቦርሳዋን ተሸከመላት። ከማሞቂያው አጠገብ ያለውን ቦታ፣ ሌላ ቀን በክርን የሚታገሉበትን፣ ለቀቁላት። የፊዚክሱ መምህር ሰሌዳ ላይ ጠርቷት አንድ መስመር እንኳ ሳትጽፍ «ጥሩ ነው፣ ተቀመጪ፤ አምስት» ብሎ ከፍተኛውን ማርክ ሰጣት፤ እሱ አምስት የሚሰጠው በዓመት ሁለቴ ነው። በዕረፍት ሰዓት የምግብ ቤቷ ሴትዮ ሥጋ ያለበት ሳምሳ ሰጥታ ዋጋውን፣ ስልሳ ሶሙን፣ አልቀበልም አለች፤ ይባስ ብላ ጭንቅላቷን ዳበሰቻት። ካኒሻይ ሳምሳውን እንደያዘች ዞር ብላ ክፍሉን ሁሉ ተመለከተች። ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ልጅ ናት። ያየችው ሁሉ ዓይኑን ሰበረ።

ሳይካል ባለሙያዋን ቢሮዋ አገኘቻት። ተማሪው ሁሉ እንደ ታላቅ እህት ጉልባራ ኤጄ ይላታል፤ አንድ እጇ ካፖርቷ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ነበር፣ ወደ ስብሰባ ልትወጣ።

«ጉልባራ ኤጄ፣ ማንም አይነግራትም?»

«ዛሬ ማታ ቤተሰቦቿ ይነግሯታል።»

«እስከ ማታ ሁላችንም እየዋሸናት ነው እኮ። አትዋሹ ያሉን እርስዎ ነዎት።»

ጉልባራ ሁለተኛውን እጇን እጅጌው ውስጥ ማስገባቱን ተወችና ወንበሯ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «አባቴ የሞተ ጊዜ እኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ዘጠኝ ቀን ደብቀውኛል። ስምንተኛው ቀን ላይ ከጓደኞቼ ጋር ልደት ጨፍሬአለሁ። እስከ ዛሬ ያንን ጭፈራ አልረሳሁትም። ግን አጎቶቼን ምን ልላቸው? አብሯት ሁኚ፤ ብቻዋን አትተያት። ከዚያ በላይ ያለው የእኛ አይደለም።» ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረችና፣ እንደ አስተማሪ ሳይሆን እንደ ፈራ ሰው፣ «ሳይካል፣ ክፍሉን እንዳታዘጊብኝ» አለች።

በአምስት ሰዓት ተኩሉ ዕረፍት ካኒሻይ ራሷ ካፖርት ክፍሉ መጣች። ከዚያ በፊት አንድም ቀን ገብታ አታውቅም። በሩን በጀርባዋ ዘጋችና ተደገፈችው።

«የእናንተ ሕግ አለ አይደል? የነገርኳችሁ ከዚህ አይወጣም?»

«አይወጣም።»

«እናቴ ልታገባ ነው» አለች ካኒሻይ።

ሳይካል ውሃ ልትቀዳ ኩባያ አንስታ ነበር፤ ኩባያው አየር ላይ ቀረ። ካኒሻይ አልተቀመጠችም። ከመስቀያ ወደ መስቀያ እየሄደች ብረቶቹን አንድ በአንድ በጣቷ እየመታች ታወራለች። ሞኝ መስያቸዋለሁ፣ አለች። ቅዳሜ አክስቴ ሳጥን ከፍታ የእናቴን የልደት ወረቀትና የፍቺ ወረቀት አውጥታ ፎቶ አንስታ ወደ ሞስኮ ላከች። የፍቺ ወረቀት ለምን ይፈለጋል? ለጋብቻ ካልሆነ በቀር ለምን? አምሳ ኪሎ ዱቄት ሁለት ጆንያ ገባ፤ ዘይት በጀሪካን ገባ። አክስቴና ባሏ መኝታ ቤት ዘግተው ስለ ፈረስ ዋጋ ይከራከራሉ፤ የእኛ ሰው ፈረስ የሚያርደው ለትልቅ ጉዳይ ነው፤ ለኔ ልደት አያርድም። ሳግንቤክ ባይኬ ከናሪን እየመጣ ነው፤ ያ አጎቴ ከተራራው የሚወርደው ሽማግሌ ሲፈለግ ብቻ ነው። እኔ ስገባ ሁሉም ዝም። እናቴ ከዓርብ ወዲህ ስልክ አታነሳም፤ «ስልኳ ተሰብሯል» ይሉኛል። በበጋ ስለ አንድ ሾፌር ሹክ ሲሉ ሰምቻለሁ። አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ሁላችሁም እንደ ተተወ ውሻ ታዩኛላችሁ።

 ሳይካል ሥልጠናው ላይ ዝምታን ተምራለች፤ እንዲህ ያለውን ዝምታ ግን አልተማረችም። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ፈረሱ፣ ሽማግሌው፣ ወረቀቱ፣ ሁሉም እውነት ነው። ልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ነው የሳተችው።

«መልእክት ቀድቼላታለሁ» አለች ካኒሻይ። ስልኳን አውጥታ አጫወተችው። አራት ደቂቃ ነው። መጀመሪያው ቀስ ያለ ነበር፤ አስቦበት እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። ለአንድ ሾፌር ብለሽ ሸጥሽኝ፤ ስትመጪ በሩን አልከፍትልሽም፤ ከአሁን ወዲያ እናቴ ቡሩል ናት፤ አንቺ የለሽም፣ ሞተሻል፣ ለኔ ሞተሻል። መጨረሻው ላይ ማልቀሷን ላለማሰማት አፏን ስትሸፍን የሚሰማ የጨርቅ ኮሽታ ነበር። ሳይካል ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ላክሽው?»

«ተጭኜዋለሁ። ጥቅሌ ስላለቀ አልሄደም። ይኸው፣ ሰዓቷን ታያለሽ?» ከመልእክቱ ጎን ትንሿ የሰዓት ምልክት ነበረች። «ኢንተርኔት እንዳገኘ ራሱ ይሄዳል። እስቲ ያንቺን ክፈችልኝ፤ አንድ ደቂቃ።»

«የኔም አልቋል» አለች ሳይካል።

የመጀመሪያዋ ውሸት ናት። ከአፏ የወጣችበት ፍጥነት ራሷን ገረማት። በዚህ መሐል በሩ ተገፋና ከሰባቱ አንዱ ቲሌክ አንገቱን አስገባ። ቀን ከሌት ሰው ለመርዳት የሚጣደፍ፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልስ የሚሰጥ ልጅ ነው።

«ኢንተርኔት ነው? እኔ አለኝ! ለካኒሻይ ከሆነ እንኳን አንድ ደቂቃ፣ ቀኑን ሙሉ ትጠቀም» ብሎ ስልኩን መዘዘ።

«ቲሌክ፣ ጉልባራ ኤጄ ትፈልግሃለች። አሁኑኑ።»

«አሁን በመኪና ስትወጣ አየኋት እኮ።»

«እንግዲያው ሩጥና ድረስባት!» ክንዱን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ገፋችው፤ «ለማንም፣ ለማንም ኢንተርኔት እንዳትሰጥ» ብላ በጆሮው ተናገረች። ቲሌክ የተያዘ ክንዱን እያሻሸ «አበድሽ እንዴ?» አለ። ስትመለስ ካኒሻይ በሩ ላይ ቆማ ታያቸው ነበር።

«አንቺም ታውቂያለሽ» አለች ካኒሻይ ቀስ ብላ። «ከሁሉም የምትብሺው አንቺ ነሽ። እነሱ ዝም ብለው ነው የሚዋሹት፤ አንቺ ለመስማት ተቀምጠሽ ነው የምትዋሺው።»

ደወሉ ተደወለ። ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ለሳይካል አላልቅ አሉ። ከጠረጴዛው ሥር ለእናቷ «ዛሬውኑ፣ አሁን ንገሯት፤ ነገር ሊበላሽ ነው» ብላ ጻፈች። እናቷ «አርፈሽ ተማሪ» ብላ መለሰች። በክፍለ ጊዜዎቹ መሐል ወጥታ ለአክስትየዋ ደወለች፤ የስልኩ ወዲያ ማዶ የሴቶች ድምፅና የሚደበደብ ሊጥ ተሰማ፣ «ከናሪን የሚያመጣው መንገድ በረዶ ይዞታል፤ ትንሽ ይዘገያል» አለቻት ቡሩል፤ ሳይካል «መልእክት» የሚለውን ቃል ከማንሳቷ በፊት «አደራሽን» ብላ ዘጋችው። ከፊት ለፊቷ ካኒሻይ ደብተሯን ሳትከፍት ተቀምጣ ስልኳን በአውራ ጣቷ ታበራለች፣ ታጠፋለች። ሰዓቷ እዚያው ናት። መልእክቱ ሲሄድ፣ ሞስኮ ውስጥ ከሟቿ ጋር ትኖር የነበረች ሴት ዕቃዋን ሻንጣ ውስጥ እያስገባች ሳለ፣ የሟቿ ስልክ በእጇ ሲጮህ ሳይካልን ታያት። ከዚያ ወዲያ ያን አራት ደቂቃ ማን ከካኒሻይ ላይ ያነሳላታል?

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲለቀቁ ካኒሻይ ማንንም ሳትጠብቅ ወጣች። እርምጃዋ ሰፊ ነው፤ ሳይካል በተቋጠረ ጫማ ልትደርስባት እየሮጠች ሁለቴ ጭቃ ውስጥ ገባች። ወዴት እንደምትሄድ ታውቃለች። ሚኒባስ ማቆሚያው አጠገብ ያለው መድኃኒት ቤት ዋይፋይ ክፍት ነው፤ ጥቅል ያለቀበት ተማሪ ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ የሚቆምበት ቦታ ነው። የቀራቸው የአንድ ሕንፃ ርዝመት ነበር። ሳይካል ደርሳ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ዘወር በይ።»

«አትላኪው።»

«አንድ ምክንያት ስጪኝ። አንድ። እውነተኛ ምክንያት።»

ሳይካል አፏን ከፈተች። የእናቷን ማሽን አሰበች፤ መስቀያዎቹን አሰበች፤ በጉም ተሸፍኖ ከበረዶው ጋር እየታገለ የሚመጣውን የማታውቀውን ሽማግሌ አሰበች። ተናደደችም፤ ይህ ሁሉ አዋቂ እያለ ቃል ፍለጋ የምትታገለው እሷ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ መንገድ መሐል፣ ጭቃ ውስጥ ቆማ።

«ሰርግ አይደለም» አለች።

ካኒሻይ ልትገፋት እጇን አንስታ ነበር፤ እጇ ሳይካል ትከሻ ላይ ቀረ። አንድ ሚኒባስ ቆመ፣ ሰው አወረደ፣ ሄደ። ካኒሻይ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ፈረሱን፣ ወረቀቶቹን መልሳ እያነሳች ለየብቻ የምታስቀምጣቸው ይመስል ነበር። ሁሉም ለሁለት ነገር ብቻ ነው የሚሆኑት። አንዱ አይደለም ተብሏል።

«መቼ?» አለች።

«ዓርብ።»

«ቅዳሜ ጆንያውን ከመኪና ያወረድኩት እኔ ነኝ» አለች ካኒሻይ። «በጀርባዬ። ‹ጎበዝ ልጅ› አሉኝ።»

ስልኳን አየችው። ጣቷ መልእክቱን ተጫነ፣ ግን የሚያጠፋውን ምልክት ሊያገኝ አልቻለም፤ ሦስቴ ሳተ። ሳይካል አልነጠቀቻትም። እጇን ከሥር ደገፈችላት፣ እስኪረጋ። ሰዓቷ ከነመልእክቱ ጠፋች። ከዚያ ስልኩን ራሱን አጥፍታ ኪሷ ከተተችው፣ ዞራ ከመድኃኒት ቤቱ በተቃራኒ መሄድ ጀመረች። አላለቀሰችም። ሦስት ፌርማታ በእግራቸው ሄዱ። አንድ ቦታ ላይ ቆማ አስታወከች፤ ያ ነጻው ሳምሳ ነበር። ሳይካል ፀጉሯን ያዘችላት።

«ቤት ስገባ ምን ይሉኛል?»

«ምንም። አጎትሽን ይጠብቃሉ።»

ካኒሻይ አፏን በመሐረብ ጠረገች። «የእናቴ ወንድም ነው» አለች። «ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይህን ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ሲደርስ ባዶ ሜዳ ላይ አላቆመውም። አንቺ ምንም አላልሽኝም። ገባሽ? ምንም። ግን አብረሽኝ ግቢ።»

ሳግንቤክ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ደረሱ፤ ባርኔጣቸው ላይ የመንገዱ በረዶ ገና አልሟሟም። ቤቱ በሴት ሞልቶ ነበር። ሁሉም ሊጥ ያቦካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይጠብሳሉ፣ አንዳቸውም ልጅቷን ቀና ብለው አያዩም። ካኒሻይ ከግድግዳው ሥር ፍራሽ ላይ፣ ሳይካል አጠገቧ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ እንደዚያ ተቀምጠዋል። የሳይካል እናት በዓይኗ «አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ስትል ጠየቀቻት፤ ሳይካል ወደ ሌላ አቅጣጫ አየች። ሽማግሌው ሻይ ሳይቀበሉ ልጅቷ ፊት ተንበረከኩ። በቀጥታ አልጀመሩም። ከአያቷ ጀመሩ፣ ከእናቷ ልጅነት፣ በአንድ ክረምት ከተወለደች ጥጃ፤ ዙሪያውን ሄዱ፣ ሄዱ፣ ድምፃቸው ሁለቴ ተሰበረ፣ ሁለቴም ጉሮሯቸውን ጠርገው ካቆሙበት ቀጠሉ። ካኒሻይ አላቋረጠቻቸውም። ቃሉ ጋ እስኪደርሱ ድረስ ፊታቸውን እያየች ጠበቀቻቸው።

ሳይካል ስትፈራው የነበረው የካኒሻይ ጩኸት ውሸት እንዳይመስል ነበር። ውሸት አልነበረም። ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ጥርሷ ኋላ የያዘችው ነው የወጣው። ሴቶቹ ሊጡን ትተው እንደ ወጉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሙሾውን ጀመሩ፤ ቡሩል ልጅቷ ላይ ወደቀች፤ ሳግንቤክ ሸክማቸውን አውርደው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ከበሩ በኩል አንዲት ጎረቤት «ምስኪን፣ ምንም ሳትጠረጥር! እንኳን በወጉ ሰማች» ስትል ተሰማ። የሳይካል እናት ልጇን ቀና ብላ አየቻት፣ ዓይኗንም ቶሎ አልነቀለችባትም፤ ከዚያ ፊቷን እሷም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ካኒሻይ ከአክስቷ ክንድ ሥር እጇን አሹልካ የሳይካልን አንጓ ያዘች። ጥፍሯ ገባ።

«አልሄደም አይደል?» አለቻት በጆሮዋ፣ ሙሾው መሐል። «አልሰማችውም አይደል?»

«አልሄደም» አለች ሳይካል።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ። አልሄደም።»

ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀቻት። ሳይካልም ደግማ መለሰችላት። አስከሬኑ እስኪገባ፣ እስኪነጋ ድረስ ስንት ጊዜ እንደምትጠይቃት አላወቀችም፤ ቀኑን ሙሉ ግን ሳታመነታ ልትሰጣት የቻለችው መልስ ይህ ብቻ ስለነበር፣ እግሯን አጥፋ ተመቻችታ ተቀመጠች።